የፈረስ ጭራ

ዛሬም የጦሳ ተራራ የለም። ጉሙ ወርዶ ፒያሳን ሳይቀር ውጦታል። ደሴ እንዲህ ስትሆን ደስ የሚለው ቡና ዙሪያ ቁጭ ማለት ነው፤ እኔን ያቃተኝ ደግሞ እሱ፣ ቁጭ ማለት። እትዬ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ጠጣሁ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ እንግዳ ሆንክ? አረፍ በል እንጂ!»

«ኪንታሮት ነው እትዬ።»

«አብሽር! እኔ የማውቀው ቅጠል አለ።»

ይቺን ውሸት ከያዝኳት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እውነቱን አንዴ ሞክሬዋለሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬን «ፊስቱላ» ስለው «እሱ በምጥ የተጎዱ ሴቶች አይደለም እንዴ?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ቃሉን አገሩ ሁሉ የሚያውቀው በሐምሊን ሆስፒታል ነው። የኔው ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ ያመጣው ነው፤ የአንጀት ቁስለቱ ከውስጥ ተነስቶ በመቀመጫዬ በኩል ወደ ውጭ መንገድ ቀደደ። ይህን አስረድቼ እስክጨርስ ቡናው ይቀዘቅዛል።

በዚያ መንገድ ውስጥ አሁን ክር አለ። ሲቶን ይሉታል። ቀዶ ሐኪሙ አደንዝዞኝ መግሉን አፍስሶ፣ ክሩን ላላ አድርጎ ቋጠረው። እኔ የተሰፋልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር! ለካስ ክሩ የገባው ቀዳዳው እንዳይዘጋ ነው። ላዩ ቀድሞ ከገጠመ መግሉ ታፍኖ ያብጣል፤ መግል እያለ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት መጀመር አደጋ ነው። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ቀደመ፣ ቀጥሎ የቲቢ ምርመራ (መድኃኒቱ ተኝቶ የነበረን ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላላ)፣ ከዚያ ነው መድኃኒቱን፣ ኢንፍሊክሲማብን፣ በደም ሥር የጀመርኩት። ከመጀመሪያው በኋላ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት፣ አሁን በየ8 ሳምንቱ። ለሱ ስል አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር በአንድ ጎኔ ተቀምጬ እሄዳለሁ። ጣርማ በር ላይ ጎን እቀይራለሁ።

ክሩ መቼ ይወጣል ስለው ቀዶ ሐኪሙ «የሆድ ሐኪምህን ጠይቃት» ይላል። እሷ ደግሞ «መድኃኒቱ ይያዝ፣ ኤምአርአይ እንይ፣ ከዚያ እሱ ያወጣልሃል»። ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ዳነ ማለት አይደለም አሉኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ምላጩ ያለ መድኃኒቱ፣ መድኃኒቱም ያለ ምላጩ የሚያመጡት ውጤት ትንሽ ነው። መሀል ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ክሩ ነው። እኔም።

ማታ ስለ ክሩ ሳነብ አመሸሁ። በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት የግሪክ ጽሑፎች ውስጥ አለ፤ ከ2,000 ዓመት በፊት! የተልባ ክር ላይ የፈረስ ጭራ ጠምጥመው ያስገቡ ነበር። ክሩ ይበሰብሳል፣ የፈረሱ ፀጉር ግን አይበሰብስም፤ ስለዚህ አዲሱን ክር በሱ ላይ አስረው ይስቡታል። የኔን የቋጠረው ሰው ይህን ያውቅ ይሆን? ኢንፍሊክሲማብ ደግሞ ከአይጥና ከሰው ተዳቅሎ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው አሉ።

እንግዲህ በታች ፈረስ፣ በደም ሥሬ አይጥ። ፈረስ ቆሞ እንደሚተኛ አውቃለሁ። አይጥስ ቁጭ ትላለች?