ከሥራ ማስታወቂያው ወደ ኋላ፦ ከጎጃም ሆኜ የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ የመረጥኩበት መንገድ

የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሰንጠረዥ ከማየቴ በፊት የሰበሰብኩት የሥራ ማስታወቂያ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት፣ የአፍሪካ ኅብረት፣ የዓለም ባንክ፣ ጥቂት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፤ ሃያ ያህል ሲሞላ አቆምኩ። ከእያንዳንዱ የዲግሪውን ዓይነት፣ የልምዱን ዓመትና የቋንቋውን ግዴታ ብቻ ለይቼ ጻፍኩ። በተባበሩት መንግሥታት «ፒ 2» የሚባለው መደብ ከማስተርስ ጋር 2 ዓመት፣ «ፒ 3» ደግሞ 5 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ማስተርስ የሌለው ሰው በመጀመሪያ ዲግሪው ላይ 2 ዓመት ተጨማሪ ልምድ ካለው ብዙ ጊዜ መወዳደር ይችላል። ስለዚህ በዚያ ቤት ማስተርስ የሚመነዘረው በ2 ዓመት ልምድ ነው። ከምርቃት በቀጥታ ወደ ማስተርስ ከመሄድ ይልቅ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሁለት ዓመት በፕላንና በክትትል ሥራ ላይ መቆየት የተሻለ ነው የምለው ለዚህ ነው። በማስታወቂያዎቹ ላይ ፐብሊክ ፖሊሲ ከኢኮኖሚክስና ከልማት ጥናት ጎን በአንድ መስመር ነው የሚጠቀሰው። ዲግሪው ኤምፒፒ (የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ) ይሁን ኤምፒኤ (የፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርስ) ብሎ የሚጨነቅ ቀጣሪ አላገኘሁም።

ቀጥሎ ያነበብኩት የስኮላርሺፑን ውል ነው። ብዙ አመልካች ይህን የሚያነበው ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ደስታው ዓይን ይጋርዳል። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ተመራቂው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። የአሜሪካው ፉልብራይት ጄ 1 በሚባል የልውውጥ ቪዛ የሚኬድ ስለሆነ፣ 2 ዓመት አገር ቤት ሳይቀመጡ በኤች ወይም በኤል ቪዛ አሜሪካ መሥራትም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አይቻልም። የአውስትራሊያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ተማሪው ከአውስትራሊያ ወጥቶ 2 ዓመት እንዲቆይ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ግን እንዲህ ያለ የመመለስ ግዴታ የለበትም፤ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል፣ ትምህርቱም ቢያንስ በሁለት አገር ነው።

ሦስቱ ውሎች አንድ ዓይነት ይምሰሉ እንጂ የሚያስሩት የተለያየ ሰው ነው። ስለዚህ «ውጭ አገር» ስል የት ማለቴ እንደሆነ መወሰን ነበረብኝ። ኒውዮርክ በሚገኝ የጥናት ተቋም መቀጠር ለሚፈልግ ሰው ፉልብራይት በሩን ለጊዜው ይዘጋበታል። የተባበሩት መንግሥታት ሥራ ለሚፈልግ ግን ቼቭኒንግ ያን ያህል ጉዳት የለውም። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤትና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ናቸው፤ ለአገሩ ዜጋ ብቻ የተከለለ «ናሽናል ኦፊሰር» የሚባል መደብም አለ። ግዴታው ሁለቱን ዓመት አገር ቤት መቀመጥ ነውና እነሱ ዘንድ እየሠሩ መቆየት ይቻላል። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚፈርመው የአገልግሎት ግዴታና ዋስ የሚጠራበት ውል እንዳለ አይርሳ፤ ከውጭው ውል በላይ የሚያስቸግረው አንዳንዴ ይህኛው ነው።

ከውሉ በኋላ የምርቃት ማግስትን ቪዛ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩ። ጀርመን ለተመራቂ ሥራ መፈለጊያ እስከ 18 ወር፣ ኔዘርላንድ 1 ዓመት፣ ካናዳ ለማስተርስ እስከ 3 ዓመት ይሰጣሉ። እንግሊዝ 2 ዓመት ትሰጣለች፤ ከጥር 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን ወደ 18 ወር ይወርዳል። አሜሪካ 12 ወር ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ የተመዘገበ ከሆነ 24 ወር ይጨመራል። አንዳንድ የፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ስሌት የበዛበትን ፕሮግራማቸውን በዚህ ዘርፍ አስመዝግበዋል፤ ለትምህርት ቤቱ ጽፎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ሚዛኑ ወደ ጀርመን ያጋደለው በዚህ ነው። ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ለፖሊሲና ለመልካም አስተዳደር ትምህርት የሚሰጠው የሄልሙት ሽሚት ስኮላርሺፕ አለ። የመጨረሻው ዲግሪ ከ6 ዓመት በላይ መቆየት የለበትም፤ ማመልከት የሚቻለውም ለሁለት ፕሮግራም ብቻ ነው፣ በቅደም ተከተል። ትምህርቱ ጥቅምት ላይ ከመጀመሩ በፊት ጀርመን ውስጥ 6 ወር ቋንቋ ያስተምራሉ። በእንግሊዝኛ ስለምማር ጀርመንኛ ትርፍ ነው የሚል ሰው አለ፤ እዚያ ሥራ ሲፈልግ ይገባዋል። አንደኛ ያደረግኩት በኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የቪሊ ብራንት ትምህርት ቤት ነው፦ 2 ዓመት፣ 120 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት)፣ ከእውነተኛ ድርጅት ጋር የሚሠራ የቡድን ፕሮጀክትና የሥራ ልምምድ ያለው።

የራስን ውጤት በእነሱ ሚዛን ማስላት ከባድ አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው ሳያሰላ ይልካል። ጀርመን ውስጥ 1 ከፍተኛው፣ 4 ዝቅተኛው ማለፊያ ነው። ከ4 ላይ ሲጂፒኤን መቀነስ፣ የቀረውን ለ2 ማካፈል፣ በ3 ማባዛት፣ 1 መደመር። ሲጂፒኤው 3.2 ከሆነ 0.8 ለ2 ሲካፈል 0.4፣ በ3 ሲባዛ 1.2፣ 1 ሲደመር 2.2 ይመጣል። በዚሁ ስሌት 3.0 ማለት ልክ 2.5 ነው። ፕሮግራሙ «ቢያንስ 2.5» ካለና ውጤቱ 2.9 ከሆነ ደብዳቤው የቱንም ያህል ቢያምር ያው ነው።

ፕሮግራሞቹን ሳወዳድር ያየሁት የኮርስ ዝርዝራቸውን ነው። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ ቢያንስ ሁለት ሴሚስተር፣ የፕሮጀክት ተፅዕኖ ግምገማ፣ የወጪና ጥቅም ትንተና። እነዚህ የሌሉበት «ፐብሊክ ፖሊሲ» የፖለቲካ ሳይንስ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ማስታወቂያዎቹ የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝ የአንድ ዓመት ማስተርስ ለሥራ ልምምድ ጊዜ አይተውም፣ የሁለት ዓመቱ ግን መሃል ላይ አንድ ረጅም ዕረፍት አለው። ከጋቨርናንስ (የአስተዳደር) ትምህርት የሚመጣ ሰው በሒሳብ ሳስቶ ነው የሚደርሰው። ሦስት ወር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲና መሠረታዊ ካልኩለስ መከለስ ያስፈልጋል። «አር» የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አንዴ ከጫኑት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ እኛ ጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ላይ «ድህነትን ለመቅረፍ» ብሎ የሚጀምር ሰው ከሺው ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። የሚያውቁትን ወረዳ መያዝ ነው። አዊ ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ ለሚባለው የግራር ዝርያ ዛፍ ሰጥቶ ከሰል ይሸጣል፤ ገቢው ጨመረ፣ የእህል መሬቱ ግን ጠበበ፣ በኋላም ዛፉን በሽታ ገባበት። ምሥራቅ ጎጃም አሲዳማ አፈር ላይ ማዳበሪያ ብቻውን ለምን እንደማይሠራና ኖራው ለምን በወቅቱ ገበሬው ጋ እንደማይደርስ ሌላ ጥያቄ ነው። መራዊ ላይ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ በተሠራው የቆጋ መስኖ የታችኛው ተጠቃሚ ውኃ እንዴት እንደሚደርሰው ሦስተኛ። ከእነዚህ አንዱን ይዞ የትኛው ኮርስ እንደሚመልሰው ማሳየት አንድ ገጽ ይሞላል። መመለስን በተመለከተ የማይሆን ቃል መግባት ግን አያስፈልግም፤ ውጭ ተሠርቶ ለአገር የሚጠቅም ነገር ካለ እሱኑ በግልጽ መጻፍ ይቻላል።

የሰነዱ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚበላ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ያልተከፈለበት ዲግሪ ዋናው ከዩኒቨርሲቲ አይወጣም፤ ይህን በማመልከቻው ወር ለመጨረስ መሞከር ከንቱ ነው። ስም በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በእንግሊዝኛ ፈተናው በአይኤልትስ ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ መሆን አለበት፤ በአንዱ አንድ ፊደል፣ በሌላው ሁለት ከተጻፈ ማብራሪያ መጻፍ ሊመጣ ነው። አይኤልትስ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ መፈተን ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። የልደት ዘመን ሲቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ 7፣ ከጥር ወዲህ 8 ይደመራል፤ የታኅሣሥ መጨረሻ ቀናትን በካላንደር ማየት ነው። ለጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በሚቀበለው በዩኒ አሲስት በኩል የሚያመለክት ለመጀመሪያው ፕሮግራም 75፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ይከፍላል። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ክፍያውን የሚያከናውንለትን ወገን ከወር በፊት ይፈልግ።

የሄልሙት ሽሚት መዝጊያ ሐምሌ 24 ቀን ነው፣ ጭልጥ ያለ ክረምት። መብራት የሚሄደውም ኔትዎርክ የሚቆራረጠውም በዚያን ጊዜ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት አልተመለሰም ነበር። እኔ ሐምሌ 10ን የራሴ መዝጊያ አድርጌ ፋይሎቹን በፍላሽ ይዤ ላክኩ። ሰዓቱንም መቁጠር ያስፈልጋል፦ የጀርመን እኩለ ሌሊት በክረምታችን እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ ቼቭኒንግ ደግሞ የሚዘጋው በቀን ነው፣ ሰዓቱን ከገጹ ማየት ነው። ማታ እልካለሁ ብሎ ከሥራ የሚወጣ ሰው ሲደርስ ገጹ ተዘግቶ ያገኘዋል።