ገብስ የገደለው ፈረስ

ከአዘዞ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጀርባው የቆሰለና የጎን አጥንቱ የሚቆጠር አንድ ዳለቻ ፈረስ ለሦስት ቀናት ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ አየሁት። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አምስት ኪሎ ገብስ ገዝቼ በጆንያ ላይ ዘረገፍሁለት። እየተንቀጠቀጠ ሙልጭ አድርጎ በላው፤ እኔም ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሲያጣጥር የተንከባለለበት አፈር ተቆፋፍሮ፣ ሞቶ አገኘሁት።

ምክንያቱን ያስረዳኝ አንድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው። ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፣ ማስመለስም አይችልም፤ በረኀብ በሰነበተ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ የገባ ብዙ እህል ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ይቦካል፣ ሆዱንም ነፍቶ ይገድላል። የገደልሁት በርኅራኄ ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ ቢነሳኝም፣ በአካባቢው የተጣሉ ፈረሶችን ከሚያነሱ ሰዎች ጋር ያገናኘኝም እርሱው ሆነ። እነርሱም ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት (ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን)፣ ጋሪ መንዳት ያቆሙ አንድ አዛውንት፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ሁለት የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችና አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበሩ። ከመካከላቸው የሚከፈለው አልነበረም።

መጀመሪያ ያስቸገረን የሌሊቱ ጉዳይ ነው፤ መንገድ ላይ የደከመ ፈረስ የጅብ ሲሳይ ነውና ከሁሉ በፊት አጥር ያለው ግቢ ያስፈልጋል። እትዬ ጠላ የሚጠምቁበትን ግቢ ግማሹን ለቀቁልን። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ያህል እህል አንሰጥም፤ ድርቆሽ ብቻ በትንሽ በትንሹ፣ ቀንም ሌሊትም እናቀርባለን፤ ፍሩሽካና ፋጉሎ የሚመጣው ከዚያ በኋላ በእፍኝ ተለክቶ ነው። ቁስሉን በአንድ ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው አሟሙተን እናጥባለን። በእግሩ ወይም በአንገቱ በኩል እንደ መቁጠሪያ በመስመር የተደረደሩ፣ እየፈነዱ መግል የሚያወጡ እብጠቶች ያሉበትን ፈረስ ግን ለብቻው እናስራለን፤ ሐኪሞች ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚሉት ይህ በሽታ በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ በቁስል በኩል፣ በዝንቦችና በጋራ በሚያገለግል የጋሪ ዕቃ ይተላለፋል። ቶሎ ካልተያዘ መዳኑ ያጠራጥራል።

እኔ ከሁሉም በላይ የተሳሳትሁት ግን በሰው ላይ ነው። አንድ ቡላ ፈረስ ጥሎ የሄደ ባለጋሪ ወጣት መኖሩን ሰምቼ፣ አዘዞ ገበያ ላይ ሳገኘው በሰው ፊት «ጨካኝ» ብዬ ሰደብሁት። ከሳምንት በኋላ አመሻሽ ላይ አንድ ሰው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲመለከት አየን። አዛውንቱ ለይተውት «አንተ ልጅ፣ ምን ውጭ ያቆምሃል? ግባ እንጂ» አሉት። አንድ እቅፍ እርጥብ ሣር ይዞ ገባ፤ ፈረሱም ገና ድምፁን ሲሰማ ጆሮዎቹን አቀና።

«ጋሼ፣ ልገድለው እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የተውሁት። ለመሸጥስ ማን ይገዛኛል?» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

በእርግጥም ያረጀ በሬ በቄራ ዋጋ ያወጣል፤ የፈረስ ሥጋ ግን በእኛ ዘንድ ስለማይበላ፣ መሥራት ያቃተው ፈረስ ለባለቤቱ የመኖ ወጪ ብቻ ነው። በገዛ እጅ መግደሉ ደግሞ ግፍ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ባለጋሪው ለፈጣሪ ይተወዋል፤ እኛ ጭካኔ ያልነው ነገር ግማሹ ኅሊና ነበር። ንጉሥን በፈረሱ ስም «አባ ታጠቅ» ብሎ በሚጠራ ሕዝብ መካከል፣ ከፋሲል መዋኛ አጠገብም የአንድ ንጉሥ ፈረስ የነበረው የዞብል መቃብር ነው የሚባል ሕንፃ ባለበት ከተማ ተወልጄ ይህን አለማስተዋሌ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ መሳደቡን ትተን ባለጋሪዎችን እሑድ እሑድ መጋበዝ ጀመርን። የናይለን ገመድ ቆዳ እንደሚቆርጥ፣ ከኮርቻው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ፋንታ ያረጀ ብርድ ልብስ ማድረግ እንደሚሻል አዛውንቱ ራሳቸው ያሳዩአቸዋል፤ ከእኔ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ። አሁን ቁስሉ ሳይሸት የሚያመጡልን አሉ።

የማይድነውን ማሳረፍ እስከ ዛሬ ከባዱ ሥራችን ነው። ባለፈው ክረምት እግሩ የተሰበረ አንድ ፈረስ ሐኪም መጥቶ በመርፌ ሲያሳርፈው፣ እትዬ በነጠላቸው ዓይኑን ሸፍነው እስኪያልቅ ድረስ አንገቱን ሲያሻሹት ነበር። ከዚያ ገብተው ጌሾ መውቀጣቸውን ቀጠሉ፤ ማንም አላናገራቸውም።

ቡላው ድኗል፤ ጋሪ ግን ዳግም አይጎትትም። ወጣቱ ጋሪውን ሸጦ የቀን ሥራ ይሠራል፣ እሑድም ሣሩን ይዞ ይመጣል። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ በረቱን እጠርጋለሁ። መኖ የመስፈሩን ሥራ ግን እትዬ እስካሁን አልፈቀዱልኝም።