የአንኮበር መንገድና የእናቴ ልቃቂት

ከአዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ የተነሳ አውቶብስ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን እስኪገባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጫጫ ላይ መስኮት የከፈተ ሰው ወዲያው ይዘጋዋል። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቧል፤ እኔም እንደዚያው። ባለ አራት ድርብ ነው፣ እናቴ የፈተለችው።

ቤት ስደርስ መደብ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ሥራው ግን ከእንዝርቱ ብዙ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ከቆላ የመጣው ጥጥ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እርጥበት ያለው ጥጥ ፍሬውን ቶሎ አይለቅም። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ይዳመጣል፣ ፍሬው ወደ ፊት እየተፈናጠረ ይወጣል። እዚህ ላይ ጉልበት ከበዛ ፍሬው ይደቅና ስብርባሪው ጥጡ ውስጥ ይቀራል፤ በኋላ ክሩ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። የተዳመጠው በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ልጅ ሳለን እንቅልፍ የሚወስደን በዚያ ደጋን ድምፅ ነበር፤ ቀን ሙሉ እርሻና ጓዳ የዋለ ሰው ሌላ ጊዜ ከየት ያመጣል?

እንዝርቱን ጭኗ ላይ በመዳፏ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ በሌላ እጇ ባዘቶውን እያሳሳች ትስባለች። ጣቷን ላብ ሲይዘው አመድ ትነካለች። እኔ ስሞክር፣ «ለማግ እንዲህ አይከርም፣ ልጄ» አለችኝ። ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው ክር፣ ዛሬ የፋብሪካ ነው፤ በአግድም የሚገባው ማግ ግን የእጅ ፈትል ሆኖ ለስለስ ስለሚል ጋቢው ሙቀት ይይዛል። ማጉ ከልክ በላይ ከከረረ እየተጠማዘዘ ይቋጠራል፣ ከላላ ደግሞ ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር ይበጠሳል። የእኔ ሦስቴ ተበጠሰ። (በረኪናም የማጉ ጠላት ነው፤ ክሩን ያሰባብረዋል። ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያለሁ ጋቢዬን በየሳምንቱ በእሱ ነበር የማጥበው።)

ማታ በኩራዙ ብርሃን ሁለቱን ጋቢዎች አስተያየሁ። እሷ የፈተለችልኝ የእኔ ጋቢ ማግ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ነው። የእሷ ቋጠሮ በቋጠሮ፤ አንዱ ጋ ወፍሮ፣ ሌላው ጋ ሳስቶ፣ የፍሬ ስብርባሪ ሳይቀር ገብቶበታል። ጥሩ የወጣውን ልቃቂት ለገበያና ለእኛ እየለየች፣ ለራሷ ቅሪቱን ነው ያሠራችው።

«እማዬ፣ ይሄኛው ለምን?» አልኳት።

«እሱም ይሞቃል» ብላ እንዝርቷን አሽከረከረች።