ማሲንቆ ፍለጋ በኪቦርድ

ዛሬ ከሲንተሳይዘሬ (ድምፅ በኤሌክትሪክ ከሚፈጥረው ኪቦርዴ) የማሲንቆ ድምፅ ላወጣ ስታገል ዋልኩ። የተነሳሁት ከመጋዝ ጥርስ ሞገድ ነው፤ የደጋኑ ጭራ ክሩን ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው የሚፈጠረው ንዝረትም ቅርጹ ወደዚያው ይሄዳል። ሁለተኛውን ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) 8 ሴንት ገደማ አዛነፍኩት፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። አንዱ 440፣ ሌላው 442 ኸርዝ ሲሆን ድምፁ በሰከንድ 2 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጣና ዳር እንደታሰረች የደንገል ታንኳ። ከዚያ ኤልኤፍኦውን (ድምፁን የሚያወዛውዘውን ዝግ ያለ ሞገድ) 6 ኸርዝ ላይ አድርጌ ሳርገበግበው አበዛሁት መሰለኝ፣ እናቴ ከጓዳ «ፍየል አስገባህ እንዴ?» አለችኝ። (እውነቷን ነው።) ቀነስኩት፣ ፊልተሩን (ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያጣራውን) ዘጋ አድርጌ ትዝታ ቅኝት ነካካሁ። ዝም አለች። ደስ ብሎኝ ሴቭ ሳላደርገው መብራት ሄደ!

አሁን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ፊልተሩ ስንት ላይ እንደነበር ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው።