ባልየውስ ለማን ይናዘዛል?

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንደ አምናው አደይ አበባ ያለበት ፎቶ ለጥፌ፣ "2018 የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ" ብዬ ወደ ዶሮው ልሄድ ነበር። ዘንድሮ እጄ እምቢ አለ።

ጋሼ የሉማ።

የሰፈር ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሳለን በራፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚያነቡት ጎረቤታችን። እንግሊዝኛውን እያዩ በአማርኛ ነበር የሚያነቡልን። አንድ ጳጉሜ ላይ የዩቶፒያ ሰዎችን ሃይማኖት አነበቡልን። ቶማስ ሞር የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1516 ባሳተመው መጽሐፍ ከራሱ ያፈለቃት ደሴት ናት። አንዱ ፀሐይን ያመልካል፣ አንዱ ጨረቃን፤ አብዛኛው ደግሞ የማይታይ አንድ ፈጣሪ አለ ይላል። ቤተ መቅደሳቸው ግን የጋራ ነው። ውስጡ የአምላክ ምስል የለም፤ ማንንም የሚያስከፋ ነገር አይታይም፣ አይሰማም። የየራሱን ሥርዓት ሁሉም ቤቱ ይፈጽማል። (ሰውየው ራሱ፣ ንጉሡን የቤተ ክርስቲያን ራስ ነህ አልልም ብሎ በ1535 አንገቱን ተቀላ። ሥልጣን ላይ ሳለ ደግሞ መናፍቅ የተባሉ ሰዎች በእሳት ተቃጥለዋል። ደሴቷን ወረቀት ላይ ትቷት ነበር ቢሮ የሚገባው።)

እኛ የጊዮርጊስን ደወልም የቤኒን መስጊድን አዛንም ከአንድ ግቢ እየሰማን ስላደግን ይሄ ብዙም አልደነቀንም። የገረመን የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነው። ጾመው ይውላሉ። ማምሻውን ነጭ ለብሰው ቤተ መቅደስ ይሄዱና ላለፈው ዓመት ያመሰግናሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ለሚመጣው ይለምናሉ። እጣንና ሻማ ነው መሥዋዕታቸው፤ እንስሳ አያርዱም። (ሰሞኑን ዶሮ ሊገዛ የወጣ ሰው ይህ ሃይማኖት እንደሚያዋጣ ይገባዋል።) ከመሄዳቸው በፊት ግን እዚያው ቤታቸው ሚስት ባሏ እግር ሥር፣ ልጆች ወላጆቻቸው እግር ሥር ወድቀው ጥፋታቸውን ይናገራሉ። ይቅር በሉን ይላሉ። ቂም ይዞ መግባት ያስፈራቸዋል።

የጋሼ ባለቤት እትዬ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር የሚሰሙት። "ባልየውስ ለማን ይናዘዛል?" አሉ።

ጋሼ ገጹን ገለጡ። መልሰው ገለጡ። "አልጻፈም" አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በኋላ በእውነትም ፈረሰ፤ ያ ሌላ ወሬ ነው።

አሁን የእኔ ተራ። ያንን መጽሐፍ ጋሼ አውሰውኝ ነበር። የቤት ኪራይ ያጠረኝ ወር ላይ አራት ኪሎ አሮጌ መጽሐፍ ለሚሸጥ ልጅ በ350 ብር ሸጥኩት። ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር "ያቺ ደሴት ደህና ናት?" ይሉኛል። "ደህና ናት ጋሼ፣ ቤት አለች።" ሐምሌ ላይ ሆስፒታል ተኝተው፣ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ፣ ያንኑ ጠየቁኝ። "ቤት አለች" አልኩ። ጳጉሜ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ፍልሰታ ሳይፈታ ሄዱ።

ሦስት ሌሊት ሙሉ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ያደርከው ወንድሜ፣ ስሜን እንዳትጠራ ስላልክ አልጠራም፤ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአራብሳ ታክሲ እየቀያየርሽ፣ ሾርባውን በፎጣ ጠቅልለሽ ያመጣሽልን የድሮ ጎረቤታችን፣ አንድ ቀን እንኳ ቀዝቅዞ አልደረሰም። የእድር ልጆች፣ ሰፈር ተበትኖም በዚያ ዝናብ ድንኳኑን ተክላችኋል። ክበሩልኝ። ለቅሶ ያልደረስከው አንተ ደግሞ፣ ራስህን ታውቃለህ። አነሳለሁ፤ ደውል።

ትናንት፣ ጳጉሜ 5፣ እትዬ ጋ ሄድኩ። አሁን አራት ኪሎ ልጃቸው ጋ ናቸው። ጥቁራቸውን ለብሰው ቀይ ሽንኩርት ይከትፋሉ። "ለልጅ ልጆቹ ብዬ ነው እንጂ ምን በዓል አለኝ" አሉ። እግራቸው ሥር ባልወድቅም ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሆስፒታሉንም ጭምር። ቢላዋው አላቆመም።

"በስንት ሸጥከው?"

"በ350።"

"ተሞኝተሃል።"

ትንሽ ከተፉ።

"እሱም በመጨረሻው ሳምንት ይቅር በይኝ ብሎኛል" አሉ።

"ለምኑ?"

"አልጠየቅኩትም።" ትሪውን ወደ እኔ ገፉት። "በል የቀረውን አንተ ክተፍ። ደቀቅ አድርገው።"