ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን ልታድኑ ካሰባችሁ፣ የአደን ክለብ ከመግባታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ይሄን የምጽፈው እኔ ስጀምር የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ወረቀቱ አያስቸግርም። ጀማሪ ከሆናችሁ የሃንተር ኤዱኬሽን ኮርስ ትወስዳላችሁ፣ የአደን ላይሰንስ ትገዛላችሁ፣ ለአጋዘንና ተርኪ ደግሞ ለብቻው ሌላ ላይሰንስ አለ፣ በመሳሪያ ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይ ደማቅ ሮዝ ትለብሳላችሁ፣ የገደላችሁትን በስልክ ወይ በአፕ ታስመዘግባላችሁ፣ በቃ።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ የትኛውን ነው የምትገድለው የሚለውን ጥያቄ ነው። እዚህ አገር አዳኞች በዚህ ነገር ይኳረፋሉ። አንዱ ወገን ቀንዱ ትንሽ የሆነ ወንድ አይነካም፣ ይለፍ፣ ይደግ፣ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው ቀንዱ ቀንድ የሚሆነው ይላል። ይሄን ሀሳብ የሚያራምድ ማህበር በ1988 ሳውዝ ካሮላይና ላይ ተቋቁሟል፣ ፔንሲልቬኒያ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ ሕግ አድርጋው በአብዛኛው አካባቢ በአንድ ጎን ሶስት ቅርንጫፍ የሌለው ወንድ አይገደልም። ሌላው ወገን እኔ የመጣሁት ለሥጋ ነው፣ ሕጉ ከፈቀደ የቀናኝን ይዤ እገባለሁ ይላል። እኔ ሁለተኛው ነኝ፣ ዛሬም።

እኔ የገባሁበት ክለብ ተዋጥቶ መሬት የሚከራይ ነው፣ አብዛኞቹ በእድሜ ከኔ የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። ከመክፈሌ በፊት የደንብ ወረቀቱን መስመር በመስመር አነበብኩት። አጥር ስለመዝጋት አለ፣ ዛፍ ላይ ስትወጣ ቀበቶ ስለማሰር አለ፣ እንግዳ ስለማምጣት አለ፣ ስለ ቀንድ ግን አንድ ቃል የለም። እሱም አልበቃኝም፣ ሊቀመንበሩን በአፌ ጠየቅኩት። "ሕጋዊ ከሆነ ችግር የለም" አለኝ። በዚህ ቃል ነው ገንዘቤን የከፈልኩት።

ሕዳር መጀመሪያ ላይ ነው፣ ገና ሳይነጋ ወጥቼ ተቀምጬ አንድ ወንድ መጣ። ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ ቀንዱም በየጎኑ ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ። ስቴቱ በአብዛኛው ቦታ የቀንድ ገደብ የለውም፣ ላይሰንሴ ላይ ታግ (አንድ አጋዘን የመግደያ ፈቃድ) አለኝ፣ ጎኑን ሰጠኝ፣ ተኮስኩ፣ ብዙም ሳይርቅ ወደቀ። በስመ አብ ብዬ አረድኩት፣ አስመዘገብኩ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ካምፑ ጎተትኩት።

እዛ ስደርስ ሁሉም ዝም አሉ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ቀንዱን ይዞ ጭንቅላቱን ቀና አደረገና "የዓመት ተኩል ልጅ ነው የገደልከው፣ ሶስት ዓመት ስንጠብቀው የምናገኘውን ነው ያጠፋኸው" አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቀጥሎ ቅጣት አለ አለኝ። የት ተጽፏል? ስል "ሁሉም ያውቀዋል" አለ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ከነበረ እኔ በቀጥታ ስጠይቀው ለምን አልነገረኝም? ከዛ ደሞ "እናንተ አገር እንዴት እንደሚታደን አላውቅም" ብሎ ጨመረበት። እኔ አገሬ ላይ አንድም ቀን አድኜ አላውቅም፣ አደን የተማርኩት እዚሁ ቨርጂኒያ ነው፣ ኮርሱን ያለፍኩትም እዚሁ ነው። ይሄን ስጽፍ እንኳን ደሜ ይፈላል። ቅጣቱን ከፈልኩ፣ ምክንያቱም ሥጋው እየቆየ ነው፣ እዛ ቆሜ ስጨቃጨቅ እንዲበላሽብኝ አልፈለኩም።

ቤት ስገባ ግን መንጋጋውን ከፍቼ አየሁት። ይሄን ሁላችሁም ተማሩት። የታችኛው መንጋጋ ላይ ከማኘኪያ ጥርሶቹ ከፊት ጀምራችሁ ሶስተኛዋን ቁጠሩ። ያንድ ዓመት ተኩል አጋዘን እዛ ላይ ያለው የወተት ጥርስ ነው፣ ሶስት ጉብ ጉብ ያለው። ዓመት ተኩል አካባቢ ይወድቅና በቦታው ሁለት ጉብታ ብቻ ያለው ቋሚ ጥርስ ይበቅላል። የኔው ሁለት ነበረው፣ እሱም አዲስ ነጭ ሳይሆን የበለዘና የተበላ። አብዛኞቹ ግልገሎች የሚወለዱት ሰኔ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ይሄ እንስሳ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተኩል ሞልቶታል። "ልጅ" አልነበረም፣ ሲያድግ በቂ ምግብ ያላገኘ ነው እንጂ። አጋዘን በበዛበት ጫካ ምግቡ ለሁሉም አይዳረስም፣ ሰውነቱም ቀንዱም ቀጭን ሆኖ ይቀራል፣ ዓመት ስለጠበቃችሁት ብቻ አይገዝፍም። መንጋጋውን ይዤለት ሄድኩ፣ አላየውም። ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ዓመት መዋጮ ሲጠይቁኝ አልከፍልም ብዬ ወጣሁ።

የነሱ ሀሳብ ምንም እውነት የለውም አልልም። ወንድ ካላደገ ትልቅ ቀንድ አይኖረውም፣ ቀንድ ግድግዳው ላይ የሚፈልግ ሰው መታገስ መብቱ ነው። ግን ጫካውን እያዳንን ነው አትበሉኝ። ቁጥሩን የምታበዛው ሴቷ ናት፣ ያደገችና የጠገበች ሴት ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች። አጋዘን በዝቷል ካላችሁ ትልቋን ሴት ግደሉ። የኛ ሰው እናት መግደል ይከብደዋል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ከብዶኝ ነበር፣ ግን ሕዳር ላይ ግልገሎቹ ጡት ጥለዋል፣ ያለሷም ይኖራሉ። ሌላው ሲ ደብሊው ዲ የሚባለው የአንጎል በሽታ ነው፣ በገባበት ቦታ በብዛት የሚገኘው ያረጁ ወንዶች ላይ ነው፣ ሚዙሪ እንደውም በሽታው ባለባቸው አካባቢዎች የቀንድ ገደቡን አንስታ ታውቃለች። በሽታው ባለበት ካደናችሁ ሳታስመረምሩ አትብሉ።

መመሪያዎቹ ትንሽዬ ቀንድ አልባ ብቻዋን ካያችሁ ወንድ ግልገል ልትሆን ስለምትችል ተዉ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሕጉ ራሱ ከሴቶቹ ጋር ቀንድ አልባ ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ ሥጋው ደግሞ እንደሱ የለሰለሰ የለም፣ ማንም ሊሸማቀቅበት አይገባም።

ሥጋውን ለሰው አትስጡ፣ ራሳችሁ ብሉት፣ ዘመድ ሰብስባችሁ እንደ ቅርጫ ተካፈሉት። ወጣቱን ለጥብስ፣ ስብ ስለሌለው ቅቤ አትንፈጉት። ያረጀውን፣ በተለይ ሴት ሲያባርር የሰነበተ ወንድ ከሆነ፣ ዘልዝላችሁ ቋንጣ አድርጉት፣ ሽታው በበርበሬ ይጠፋል። ጥሬ ክትፎ ግን በፍጹም፣ የዱር ሥጋ ነው። ዘዳግም 14 ዋላና ሚዳቋን ይፈቅዳል፣ ቅር የሚለው ካለ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የመሳሪያ ወቅቱ የሚከፈተው የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለሆነ የኔ ፍሪዘር እስከ ገና ሙሉ ነው።

ክለብ የግድ ከፈለጋችሁ የቀንዱን ነገር በቴክስት ጠይቁ፣ በቴክስት ይመልሱላችሁ፣ የቃል መልስ ምንም አይጠቅምም። እኔ አሁን ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ነው የምሄደው፣ የደኑን ፈቃድ ለብቻ ትገዛላችሁ፣ በቅጣት የሚያስፈራራችሁ ሊቀመንበር የለም። እዛ ግን ቀንድ አልባ የሚፈቀድባቸው ቀናት ትንሽ ናቸው፣ እንደየካውንቲው ይለያያል፣ ከመሄዳችሁ በፊት የዘንድሮውን የደንብ መጽሐፍ እዩ፣ ያምናው አይሠራም።