ከቂርቆስ ወደ ቂርቆስ

ዛሬ ሰኞ የቢሮውን ደረጃ የወረድኩት ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ በጎኔ ነው፣ ልክ እማዬ እንደምትወርደው። የጥበቃው አባባ አይተውኝ "ምነው ልጄ፣ ወደቅሽ እንዴ?" አሉኝ። አይ አባባ አልወደቅኩም፣ ወንጪ ሄጄ ነው።

የሃይኪንግ ግሩፓችን ቴሌግራም ላይ "እሁድ ወንጪ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ" ብሎ ሲለጥፍ ለእማዬ ነገርኳት፣ እሷ ደግሞ ሐይቁም ተራራውም ምኑም አልታያት፣ ወዲያው "ደሴቱ ላይ ቂርቆስ አለ አይደል?" አለችኝ። እኛ እንግዲህ የቂርቆስ ሰፈር ሰዎች ነን፣ እሷ ከተዳረች ጀምሮ እዚሁ ቂርቆስን ስትሳለም የኖረች ሴት ናት፣ አሁን አሁን ጉልበቷ እምቢ ስላለ ፍልውሃ እየሄደች ትታጠባለች፣ ሻል ይላታል ደግሞ ይመለሳል። ቅዳሜ ማታ ባዶ ሃይላንድ አጥባ ከዳቦ ቆሎው ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከታ "ፀበሉን ይዘሽልኝ ነይ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን አለው፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ።

ቀጠሮው ከለሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ስታዲየም ጋር ነበር፣ ኮስተሯ የተነሳችው ግን 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ያው አንድ "ደርሻለሁ፣ ለገሃር ነኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ተፍኪ እያልን ስንሄድ የበቾ ሜዳ ላይ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ፀሐይዋ ከኋላችን እየወጣች ሜዳው ሲያበራ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ እኔ መስኮቱን በእጅጌዬ እየጠረግኩ አያለሁ። ወሊሶ ቁርስ በላን። ከዛ ዳገቱ ተጀመረ። አስተባባሪው ማይኩን ይዞ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ገበታ ለሀገር ውስጥ ከገባ በኋላ እንዴት እንደተለወጠ፣ በ2014 ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ እንደመረጠው ሲነግረን አንዱ ከኋላ "ፎቶው ላይ እንዳለው ነው ወይ እሱን ንገረን" አለው።

እንደ ፎቶው አይደለም። መጀመሪያ ምንም አይታይም፣ ጉም ነው፣ ብርዱ ደግሞ ጃኬት የሚያስታውስ ዓይነት አይደለም፣ ሁለት ጃኬት የሚያስመኝ ነው። የጠርዙ ከፍተኛ ቦታ 3,386 ሜትር ነው አሉን፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባም እኮ ከፍታ ላይ ናት፣ ምን ልሆን ብዬ ነበር። አስር እርምጃ ሄጄ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መምታት ጀመረ። ከዛ ጉሙ አንድ ጊዜ ተከፈተና ሐይቁ ታች ታየ። እኔ እሳተ ገሞራ የሠራው ሐይቅ ሲሉኝ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ነበር የመሰለኝ፣ ክብ፣ ባዶ። ለካ ውስጡ ሀገር አለ። ኮረብታ አለ፣ እንሰት የከበበው ጎጆ አለ፣ ጭስ ይወጣል፣ የታረሰ መሬት አለ፣ ውሃው ደግሞ በኮረብቶቹ መሀል እየታጠፈ ይገባል፣ በመሀሉ ደሴቷ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። እኔም አወጣሁ፣ ባይሆን ትንሽ ቆይቼ ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ፈረስ የሚያከራዩት ልጆች ከጎን ከጎናችን ይሄዳሉ፣ ተራ አላቸው፣ ዝም ብሎ የሚሻማ የለም። አንዱ ቢበዛ 15 ዓመት የሚሆነው ልጅ እኔን መርጦ ያዘኝ፣ "እህቴ፣ ፈረስ" ይለኛል፣ "አይ በእግሬ ነው" እለዋለሁ፣ "አሁን አይደለም፣ ስትመለሺ" ይለኛል። ናቅኩት። አዲሱ ስኒከሬ ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ደግሞ "ሱታ ሱታ" ይለኛል በኦሮምኛ፣ ቀስ ቀስ ማለቱ ነው።

ጀልባው ጋር ሰልፍ ነበር። የኔ ነገር የተበላሸው እዚህ ጋር ነው። አስተባባሪው ሰዓቱን አየና ደሴቱ ላይ ወርደን ገዳሙን እንሳለም ወይስ በቀጥታ ተሻግረን ፍል ውሃውና ማዕድን ውሃው ጋር በእግር እንሂድ፣ ሁለቱም አይበቃንም፣ እጅ አውጡ አለ። "ገዳም የምትሉ?" ሲል ሁለት ሴቶች ብቻ እጃቸውን አወጡ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ሃይላንዱ አለ፣ እጄ ደግሞ ኪሴ ውስጥ። እነዛ በሙሉ መነጽርና የሃይኪንግ ዱላ የያዙ ልጆች መሀል "እናቴ ፀበል አዛኛለች" ማለት ለምን እንደከበደኝ እስካሁን አልገባኝም፣ ማንም እኮ አይስቅብኝም ነበር፣ ምናልባት ሌሎቹም እጃቸውን ያወጡ ነበር። በቃ አፈርኩ። ጀልባው በደሴቱ አጠገብ ሲያልፍ ቂርቆስ በዛፎቹ መሀል ታየኝ፣ አማተብኩ፣ እሱንም ፀጉሬን የማስተካክል አስመስዬ። ከዛ ሁሉ ቀን እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

የማዶው መንገድ ግን ቆንጆ ነው፣ ውሸት መናገር አልችልም፣ ጅረት ተሻግረን፣ በእንሰት ጓሮ ስር አልፈን፣ ሕፃናት እየተከተሉን፣ ወንዙ ዳር ከመሬት የሚፈላውን ውሃ አየን። ማዕድን ውሃው ጋር ጎንበስ ብዬ ቀመስኩት፣ ብረት ብረት ይላል፣ ምላስ ይቆነጥጣል። ሃይላንዱን አወጣሁና ሞላሁት። ምን ብዬ እንደሞላሁት አላውቅም፣ ባዶ ይዤ ከምገባ ብዬ ነው መሰለኝ።

ዳገቱን አልተርክም። ግማሹ ላይ ያ ልጅ ፈረሱን ይዞ ከፊቴ ቆሞ አገኘሁት፣ ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ እርካቡን ያዘልኝ።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ቤት ስገባ እማዬ እንዴት ነበር ሳትለኝ እጇን ዘረጋች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ፣ ክዳኑን ስትከፍተው "ጢስስ" አለ። አየችኝ። አንድ ጉንጭ ቀመሰች። "ይሄ አምቦ ውሃ ነው እኮ!"

ነገርኳት፣ ሰዓት አልበቃንም፣ በድምፅ ተሸነፍን አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ቂርቆስ በሦስት ዓመቱ እናቱን እሳቱ ፊት አበረታ፣ የኔዋ በሠላሳ ዓመቷ አንድ ሃይላንድ ፀበል አቃታት" ብላ ሳቀች፣ በጣም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ከዛ ውሃውን በመዳፏ አድርጋ ጉልበቷን አሸችው፣ ለማንኛውም ከሱ ሀገር የመጣ ነው ብላ። ጥር 15 ለንግሡ አብረን እንሄዳለን ብላለች። "ዳገቱስ?" ስላት "ፈረስ አለ አላልሽም?"

በድምፅ ተሸነፍን ያልኩት እውነት ነው። እጄን እንዳላወጣሁ ግን አልነገርኳትም።